ከኪልኑ አቧራ ጀምሪ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አነበብኩት። የድሬ ልጅ ሆነሽ «እርስዎ» ማለትሽ አስቆኛል፤ እኛ ጋ ሽማግሌውም አንተ ነው፣ አንተ በይኝ።

ኬሚስትሪ የመጨረሻ ዓመት ነሽ። የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጭስን በሚቀንሱ የሜታል ኦክሳይድ ካታሊስቶች (ራሳቸው ሳያልቁ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ነገሮች) ገጽ ላይ የመመረቂያ ጥናት መሥራት ፈልገሻል። አባትሽ «ይህን ተምረሽ ድሬ ላይ ማን ይቀጥርሻል?» አሉ። አንቺም የነዳጅ መኪና ከቀረ የጭስ ማጽጃውም አብሮ ይቀራል ብለሽ ሰግተሻል።

አባትሽ ግማሹን ልክ ናቸው። «የካታሊስት ተመራማሪ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ከዚራም ሳቢያንም ተለጥፎ አታገኚም። የመኪናው ስጋት ግን ብዙ አያስኬድም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፤ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ግን ከመኪና ብቻ አይደለም የሚወጣው። ነበልባል በጣም ሲግል የአየሩ ናይትሮጅን ራሱ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል። የሲሚንቶ ኪልን፣ ማለትም የማቃጠያው ትልቅ ምድጃ፣ ነበልባሉ ወደ 2000 ዲግሪ ይጠጋል፤ ክሊንከሩ (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው) 1450 አካባቢ ይበስላል። ድሬ ከጣሊያን ጊዜ ጀምራ ሲሚንቶ ስታመርት ኖራለች፤ ኪልን ደግሞ በባትሪ አይነዳም።

ስለዚህ ርዕስሽን አትቀይሪ፣ አጥብቢው። የጭስ ማጽጃውን አሠራር ታውቂዋለሽ፦ አሞኒያ ጭሱ ውስጥ ይረጫል። ቲታኒየም ኦክሳይድ ላይ በስሱ የተለበሱት ቫናዲየምና ተንግስተን ኦክሳይድ አሲዳማ ቦታዎች አሏቸው፤ አሞኒያው ቤዝ ነውና እዚያ ይጣበቃል። ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲያገኘው ሁለቱ ናይትሮጅንና ውሃ ሆነው ይሄዳሉ። በዚህ መሃል ኦክሲዴሽን ቁጥሩ ከ5 ወደ 4 የወረደውን ቫናዲየም የጭሱ ኦክስጅን ወደ 5 ይመልሰዋል። ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነገሩ ያለችግር ይሄዳል።

አሁን የኪልኑን አቧራ ጨምሪበት። ፖታሲየምና ሶዲየም አለው፤ እነሱ አሞኒያው የሚያርፍበትን አሲዳማ ቦታ ቀድመው ይይዙታል። መናኸሪያ ላይ በሻንጣ ወንበር እንደሚይዝ ሰው ማለት ነው፦ አውቶቡሱ ሙሉ ይመስላል፣ ተሳፋሪው ግን ውጭ ቆሟል። የስንት ግራም አቧራ እጣቢ (አቧራው ተዘፍዝፎ የተጣራው ውሃ) ስንቱን ቦታ ይገድላል? ካታሊስቱ በውሃ ቢታጠብ ቦታው ይመለሳል? የአንቺ ጥያቄ ይሄ ነው፤ ሌላ አገር ያለ ተማሪ የድሬን አቧራ እንዳንቺ በቅርብ አያገኘውም።

ማሽን የለም ብለሽ አትቁሚ። የገጽ አሲድነት በቡቲላሚን ቲትሬሽን ይለካል፦ ቡቲላሚን የሚባለውን ቤዝ ጠቋሚው ቀለሙን እስኪቀይር በጠብታ እየጨመሩ መለካት ነው፤ ደረቅ ሳይክሎሄክሴን፣ ቀለም ጠቋሚና ትዕግሥት ይበቃሉ። ቫናዲየም የገባበት የካታሊስት ዱቄት ጠቆር ስለሚል የጠቋሚውን ቀለም ይሸፍንብሻል፣ ተንግስተን ብቻ በለበሰው ጀምሪ። ቡቲላሚኑ ይሸታል፣ እሳትም ይወዳል፤ ከሁድ (ጋዝ ከሚስበው የላቦራቶሪ ሳጥን) ውጭ እንዳትከፍቺው። አቧራውን በውሃ ዘፍዝፈሽ ያጣራሽውን በዱቄቱ ላይ አድርቂ፣ ጎን ለጎን ደግሞ ንጹሕ ፖታሲየም ናይትሬት የተጨመረበት ናሙና አዘጋጂ። እጣቢው ውስጥ ካልሲየምም ስላለ፣ ያለዚህ ማወዳደሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት አትችይም። ይህን የዘለለ ጥናት ብዙ አይቻለሁ፣ ፈታኞቹም መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

ስለ ቅጥሩ፦ ሥራ ስታመለክቺ «ካታሊስት» የሚለውን ቃል ወደ ታች አውርጂው። ቲትሬሽን፣ ናሙና አወሳሰድ፣ የአልካሊ (የፖታሲየምና ሶዲየም) ልኬት ብለሽ ጻፊ። የሲሚንቶ ጥራት ላቦራቶሪ አልካሊ ይለካል፣ የውሃ ምርመራ ቤትም ያለ ቲትሬሽን አይውልም። ጭሱ ይለካ የተባለ ቀን ደግሞ ቋንቋውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ይሄን ለአባትሽ ንገሪያቸው፤ ፋርማሲ ይሻል ነበር የሚለውን ግን አልከራከራቸውም፣ ያለፈ ነገር ነው።

ነገ የትምህርት ክፍልሽን ደብዳቤ ይዘሽ ፋብሪካ ሂጂ። አቧራ ስትጠይቂ ከኪልኑ ጭስ ማጣሪያ የወጣውን በይ። ከከረጢት ማሸጊያው የተጠረገውን ከሰጡሽ፣ እሱ ሲሚንቶ ነው፣ መልሺላቸው።