«አለብኝ» ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር አንዲት የጎረቤቴ ልጅ፣ በቅርቡ በሒሳብ አያያዝ የተመረቀች፣ ለሥራ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ የጻፈችውን ደብዳቤ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ብላ ሰጠችኝ። ሰዋስውዋ ንጹሕ ነው፤ አንድ ፊደል አልተገደፈም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በልቧ ያለው «እስከ ሰኞ መልሳችሁን እጠብቃለሁ» የሚል ነው። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ደግሞ «አይ አም ኤክስፔክቲንግ ዮር ሪፕላይ አንቲል መንዴይ» ነበር። ልመና ልትጽፍ አስባ ትእዛዝ ጽፋለች፤ ያውም ሰኞ ካለፈ መልሳቸውን እንደማትፈልገው የሚያስመስል ትእዛዝ።

አልፈረድኩባትም። ሠላሳ ዓመት ያህል ውልና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስመልስ ከዚህ የባሰውን ሠርቻለሁ።

ትምህርት ቤት የተሰጠችን ሠንጠረዥ ትዝ ትላችኋለች? «ማስት» ግዴታ፣ «ሹድ» ምክር፣ «ሜይ» ፈቃድ፣ «ማይት» ምናልባት። ለፈተና ትበቃለች። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ እንግሊዛዊ አለቃ የተረጎምኩትን ውል መለሰልኝና ከላዩ ላይ «ዩ ማይት ዎንት ቱ ሉክ አት ፔጅ ፎር አጌን» ብሎ ጻፈበት። ቃል በቃል ሳነበው «ምናልባት ገጽ አራትን እንደገና ማየት ትፈልግ ይሆናል» የሚል ሆነ። እኔ ደግሞ አልፈለግሁም። ውሉ ተጠርዞ ከወጣ በኋላ ገጽ አራት ላይ አንድ ዜሮ እንደጎደለ ታወቀ። ሰውየው ድምፁን እንኳን ከፍ ሳያደርግ «ዩ ወር ሰፖዝድ ቱ ቼክ» አለኝ። ይህ «ሰፖዝድ» በኃላፊ ጊዜ ሲመጣ ግምት አይደለም፤ «ይጠበቅብህ ነበር፣ አላደረግኸውም» የሚል ወቀሳ ነው። ሠንጠረዧ ላይ ከሁሉ ቀላል የነበረችው «ማይት» ከአለቃ አፍ ስትወጣ ለካ ትእዛዝ ኖራለች። በተቃራኒው «ዩ ማስት ካም ቱ ዲነር» የሚላችሁ ሰው ምንም አያስገድዳችሁም፤ ደግነቱን ነው የሚገልጸው። ቀን ካልቆረጠ ልብስ አትቀይሩ።

ታዲያ ሸክሙ ያለው የት ነው? መልሱን ያገኘሁት በገዛ ቋንቋዬ ውስጥ ነው፤ ለማግኘትም ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

«መቶ ብር አለብኝ» ትላላችሁ። «መሄድ አለብኝ»ም ትላላችሁ። ቃሉ አንድ ነው። በአማርኛ ግዴታ ማለት ዕዳ ነው፤ ሰው ላይ የተቀመጠ ነገር። ሸክሙን የምትናገረውም መሀል የገባችው «ብ» ናት። እሷን በ«ል» ተኩና እዩት፦ «ፈረደበት» እና «ፈረደለት» በአንዲት ፊደል ልዩነት አንዱን ወህኒ ያወርዱታል፣ ሌላውን ቤቱ ይሰዱታል። እንግሊዝኛም መነሻው ከዚህ የራቀ አልነበረም። «ሻል» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዕዳ አለብኝ» ማለት ነበር፤ «ኦውት»ም የተወለደው ባለዕዳ መሆንን ከሚገልጸው «ኦው» ከሚለው ግስ ነው። እነሱ ዕዳውን ረስተውታል፤ እኛ ግን በየቀኑ በአፋችን እንደያዝነው ነው።

ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ረዳት ግስ ከመምረጤ በፊት አማርኛዬን እጠይቀዋለሁ፦ ነገሩ በማን ላይ ነው? ለማን ነው? እስከ መቼ ነው? «ይጠበቃል» እና «ይጠበቅብሃል» አንድ እንዳልሆኑ ማንም ሊያስተምራችሁ አያስፈልግም። እንግሊዝኛ ያችን «ብ» በመስተዋድድ ይሠራታል። «ኤክስፔክትድ ኦፍ ዩ» ካሉ «ይጠበቅብሃል» ነው፤ ምግባራችሁን ወይም ኃላፊነታችሁን የሚመለከት። «ኤክስፔክት ፍሮም» ደግሞ በአብዛኛው ከአንድ ወገን ወደ እናንተ የሚመጣን ነገር ይናገራል፤ ደብዳቤ፣ ዕቃ፣ መልስ። ሁለቱ በየአፉ ይቀላቀላሉ፤ ዝንባሌያቸውን ማወቅ ግን ይጠቅማል። «ኢት ኢዝ ኦን ዩ» ከተባላችሁ ኃላፊነቱ ትከሻችሁ ላይ ነው። «ኢት ኢዝ አፕ ቱ ዩ» ከሆነ ግን ምርጫው የእናንተ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው መስተዋድድ የስንት ሰው ሥራ እንዳበላሸች ባወራችሁ አይመሽልኝም።

ጠበቀ የሚለው ግሳችን ራሱ ሰፊ ነው። ዘበኛው በር ይጠብቃል፣ ተሳፋሪው አውቶቡስ ይጠብቃል፣ አለቃው ውጤት ይጠብቃል። እንግሊዝኛ ለሦስቱም የተለያየ ቃል አለው። አውቶቡስ መጠበቅ «ዌይት ፎር» ነው፤ «ፎር»ን የምንውጣት አማርኛችን ስለማይፈልጋት ነው። ለደብዳቤ መዝጊያ ደግሞ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» አለ። እዚያ ያለችው «ቱ» መስተዋድድ ናት፤ ስለዚህ ከኋላዋ «ሂር» ሳይሆን «ሂሪንግ» ይመጣል።

«እስከ» ሌላዋ ወጥመድ ናት። በአማርኛ «እስከ ዓርብ ቆይ» እና «እስከ ዓርብ አስገባ» እንላለን፤ መቆየቱንና አንዴ ማስገባቱን ግሱ ይለይልናል። እንግሊዝኛ ሥራውን ለመስተዋድዱ ሰጥቶታል፤ ለመቆየቱ «አንቲል»፣ ለማስገባቱ «ባይ»። «ሴንድ ዘ ሪፖርት አንቲል ፍራይዴይ» ያላችሁት ሰው የሚሰማው «እስከ ዓርብ ድረስ ስትልክ ሰንብት» የሚል ነው። «ባይ ፍራይዴይ» ዓርብን ይጨምራል፤ «ቢፎር ፍራይዴይ» ግን ሐሙስ ማታ ላይ በሩን ይዘጋል። «ባይ ሲክስ» ሲሏችሁ የእኛ አሥራ ሁለት ሰዓት መሆኑን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ በዚህ የተሳሳቱ ትልልቅ ሰዎች ግን አውቃለሁ።

ከሁሉ የምፈራው «የለበትም»ን ነው። አንድ የጤና ተቋም ለግድግዳ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ላከልኝ፤ «ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት መክፈል የለባቸውም» ይላል። እኔ «ማስት ኖት ፔይ» ብዬ መለስኩት። አንድ የውጭ አገር ሐኪም አንብቦ «ወላጅ ገንዘብ ቢያወጣ ለፖሊስ እንንገርበት?» አለኝ። የእኛ «የለባቸውም» ሁለት ነገር ይሸከማል፤ ክልክል ነው ማለትም ይሆናል፣ ግዴታ የለም ማለትም ይሆናል። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል፤ ክልክሉ «ማስት ኖት» ነው፣ ግዴታ አለመኖሩ «ዱ ኖት ሃቭ ቱ»።

«ሹድ»ም ሁለት ፊት አለው። የባንክ ሠራተኛ «ዘ መኒ ሹድ ቢ ዜር ባይ መንዴይ» ቢላችሁ ቃል አልገባም፤ ይመስለኛል ነው ያላችሁ። እኛም «ገንዘቡ ሰኞ ይገባል» ስንል የዚያው ዘመድ ነው፤ «መክፈል ይገባል» ስንል ደግሞ ያው ቃል ግዴታ ይሆናል። የቃሉ ባለቤቶችም ቢሆኑ አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ የፌዴራል ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ በአዲስ አጻጻፍ ሲወጣ አሻሚ የሆነውን «ሻል» አስወጡት። ያለ ሙሉ ክርክር ፍርድ ስለመስጠት የሚናገረው ደንብ 56 ላይ በ«ሹድ» ተተካ። ዳኛው ይወስናል ወይስ ቢወስን ይሻላል የሚለው ጥያቄ ተነሣና በ2010 «ሻል» ወደ ቦታው ተመለሰ። የኢንተርኔት መሐንዲሶችስ እ.ኤ.አ. በ1997 ቁጥር 2119 በሚባለው ሰነዳቸው የ«ማስት»፣ የ«ሹድ»ና የ«ሜይ»ን ትርጉም አንድ በአንድ መድበው ተገላገሉ፤ እዚያ «ሹድ» ማለት በቂ ምክንያት ካለህ ልትተወው ትችላለህ፣ መዘዙን ግን አስቀድመህ መዝን ማለት ነው። ኮምፒውተር የምታጠኑ ልጆች ካላያችሁት እዩት። የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 ግን አላነሣም፤ «ይቻላቸዋል» ያመጣውን ጣጣ ከእኔ በፊት የነገሯችሁ ብዙ ናቸው።

የጎረቤቴን ልጅ ደብዳቤ መዝጊያውን ብቻ ለውጬ መለስኩላት። ሰኞን አስወጣሁት፤ ቀጣሪ ላይ ቀን የሚቆርጥ ሥራ ፈላጊ የለም። በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣላትና ስልክ ደወለች። «ጋሼ፣ ‹ዩ ዉድ ቢ ኤክስፔክትድ ቱ ወርክ ሰም ሳተርዴይስ› ብለውኛል፤ ‹ዉድ› ስላለ በፈቃዴ ነው አይደል? ቅዳሜ መግባት አለብኝ ወይስ የለብኝም?»

«አለብሽ» አልኳት።