ስለ ጡት ማጥባት ልጆቻችን ምን ያውቃሉ? ጠይቁኝ

ጤና ይስጥልኝ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ትምህርት ቤት እየሄድኩ ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍል ልጆች ጋር ስለ ጡት ማጥባት እናወራለን። ዛሬ ማታ እዚሁ ነኝ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ለመሆኑ ልጆቹ የሚያውቁት ነገር አለ?
ከምንገምተው በላይ! «አራስ ልጅ ምን ይሰጠዋል?» ስላቸው ባንድ ድምፅ «ጡት» ይላሉ። «ሌላስ?» ስል ግን ውሃ፣ ስኳር በውሃ፣ ቅቤ ይከተላል። አንዷ እጇን አውጥታ፣ እናቷ ገበያ ስትሄድ የሦስት ወር ወንድሟን በማንኪያ ውሃ እያጠጣች እንደምታባብለው በኩራት ነገረችን። እንዴት ልቆጣት? የነገራት የለም። ልጁን አዝላ የምትውለው ደግሞ እሷ ናት። ምክሩ ለእናት ብቻ ተነግሮ አይበቃም የምለው ለዚህ ነው።

እኛ አፋር ነን፤ ሙቀቱ ከባድ ነው። ሕፃኑ ውሃ አይጠማውም?
ቶሎ ቶሎ ከጠባ አይጠማውም። ከእናት ጡት ወተት 88 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። እስከ 6 ወር ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በቀር ሌላ አያስፈልገውም፤ ንጹሕ ያልሆነ ውሃ ደግሞ ተቅማጥ ያመጣበታል። ከ6 ወር በኋላ ምግብ እየተጨመረለት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ።

እናቴ እንገሩ ይታለብና ይደፋ ትላለች። ተማሪዎቹስ?
ከአያቶቻቸው የሰሙትን ይደግማሉ። አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ ግን «ጥጃ እንገር ካልጠባ አይጠናም» አለ፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲያ የእኔ ሥራ ቀለለ። ያ ቢጫ፣ ወፈር ያለው ወተት ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ነው፤ እንደተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ይጀመር።

መምህር ነኝ። ወንዶቹ ይሳሳቃሉ፣ ለብቻቸው ላድርጋቸው?
አይለዩዋቸው፣ መምህር። «ጡት» የሚለውን ቃል ሳያፍሩ ደጋግመው ይጥሩት፤ ሳቁ ብዙ አይቆይም። ነገ አባት ሲሆኑ ሚስታቸው እንድታጠባ የሚያግዟት እነሱ ናቸው።

ጡቷ ትንሽ የሆነ ሴት ወተት ያንሳታል?
አያንሳትም። ወተት የሚበዛው ሕፃኑ በጠባ ቁጥር ነው።

የ12 ዓመት ልጄ ሰው ፊት ማጥባት ነውር ነው አለችኝ። ምን ልበላት?
እህቴ፣ መጀመሪያ የት እንደሰማችው ጠይቂያት። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ታክሲ ውስጥ የምታጠባ እናት ስታዩ ዓይንሽን አትስበሪ፤ ልጅሽ አንቺን ታያለች። ዘመድ ስትወልድም ይዘሻት ሂጂ፣ ትራስ ታቀብል፣ ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ጡት ሲፈልግ ትመልከት።