ኮሌጅ ቀይሬ ሙዚቃዊ ቲያትር ልማር ለምትሉ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ አንድ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። እዚሁ ጎንደር ኢኮኖሚክስ የሚማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ድምፁ ጥሩ ነው፤ እዚያው ጀበናው ፊት አዘፍኜ ሰምቼዋለሁ፣ ቡና የምታፈላው ልጅም አጨብጭባለታለች። "ጋሼ፣ ይሄን ትቼ ቲያትርና ሙዚቃ መማር እፈልጋለሁ፣ ግን ሁለት ዓመቴ ሊቃጠል ነው" አለኝ። በማግስቱ ደግሞ ሜሪላንድ ያለችው የእህቴ ልጅ ደወለች። የሁለት ዓመት ኮሌጅ እየጨረሰች ነው፣ ሙዚቃዊ ቲያትር ወደሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ መዛወር ትፈልጋለች። "አጎቴ፣ ክሬዲቴን (ተምሬ ያለፍኩትን የኮርስ ሰዓት) ይይዙልኝ ይሆን?"

አንዱ ጎንደር፣ አንዷ አሜሪካ፣ ጭንቀታቸው ግን ያው ያለፈው ዓመት ነው። ስለ ጉሮሮው ወይ ስለ እግሩ የጠየቀኝ የለም። ይሄን የምጽፈው ለሁለቱም ነው፣ እናንተም አብራችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ የራሴን ልናገር። በደርግ ጊዜ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ እየዘፈንኩ፣ እስክስታ እየወረድኩ፣ ድራማ ላይ ደግሞ ሽማግሌ እየሆንኩ አደግሁ (17 ዓመቴ ነበር፣ ጢሜ የበግ ጠጉር)። ሦስቱንም በአንድ ምሽት እንሠራ ነበር፤ ለዚህ ነገር ሙዚቃዊ ቲያትር የሚባል ስም እንዳለው ግን የነገረን የለም። ከዚያ ኮሌጅ ገባሁ፣ ሂሳብ አያያዝ። ሁለት ዓመት ተማርኩ፣ ማለቴ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ዓመት እንደጀመረ አንድ ማለዳ ልብሴን በሻንጣ ከትቼ፣ ለማንም ሳልናገር፣ አንድ ፎርም እንኳ ሳልሞላ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈርኩ። ያኔ አውቶቡሱ መንገድ አድሮ በሁለተኛው ቀን ነበር የሚገባው። ሁለቱንም ቀን ጀግና ነኝ እያልኩ ሄድኩ።

አዲሱ ትምህርት ቤት የድሮውን ወረቀት አምጣ አለኝ። የድሮው ደግሞ "አንተ ጠፍተህ የሄድክ ነህ" ብሎ ወረቀቱን ከለከለኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ስመላለስ ከረምኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ትንሽ የእነሱም አለበት፣ ፋይሌን የሆነ ቦታ አስቀምጠው ረስተውት ነበር። በመጨረሻ ገባሁ። አንደኛ ዓመት፣ አራት ዓመት ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር። "አባባ" ይሉኝ ነበር።

ከሂሳብ አያያዙ አንድ ክሬዲት አልተያዘልኝም። የኪነቱ ግን ተያዘልኝ። ማንም በወረቀት ላይ አልጻፈውም፣ ግን በመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ክፍለ ጊዜ መምህሩ ትከሻዬን አይቶ "አንተ የት ነው የተማርከው?" አለኝ። ዓመቱ ቀረ፣ ትከሻዬ ተዛወረ።

እኛ ጎንደሬዎች ይሄን ነገር ከማንም በፊት ማወቅ ነበረብን። የቆሎ ተማሪ ከጥንት ጀምሮ እየተዛወረ ነው የሚማረው። የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ድጓውን ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን ዙር አምባ፣ አቋቋሙን እዚህ ጎንደር በአታ እያለ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ አገር ያቋርጣል። አዲሱ የኔታ ዘንድ ሲደርስ "በል እስቲ፣ አሰማን" ይባላል። የያዘውን ያሰማል። ከሆነለት ካቆመበት ይቀጥላል፣ ካልሆነለት ከትንንሾቹ ጋር ተቀምጦ እንደገና ይጀምራል፣ በዚህም ማንም አያፍርም። ደግሞ አቋቋምን አስቡት። ጸናጽሉ፣ መቋሚያው፣ ከበሮው፣ እግሩ፣ ሁሉም አብሮ እየሄደ አፍ ግዕዙን አይስትም። እየዘፈንኩ መንቀሳቀስ ትንፋሼን ቆረጠኝ የሚለኝን ልጅ ኅዳር 6 ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሂድና ማኅሌቱን ቆመህ እይ እለዋለሁ። (መድረክ ነው ማለቴ አይደለም፣ ጸሎት ነው። መሪጌቶች እንዳይቆጡኝ።)

አሁን ወደ አሜሪካው ልምጣ። እዚያ ሙዚቃዊ ቲያትር በአብዛኛው በሁለት ዓይነት ዲግሪ ይሰጣል። አንዱ ቢኤፍኤ የሚሉት ነው፣ የተማሪው ሰዓት አብዛኛው ስቱዲዮ ውስጥ፣ ማለትም በትወና፣ በድምፅና በዳንስ ልምምድ የሚያልቅበት። ሌላው ቢኤ ነው፣ ከሌላ ትምህርት ጋር ሰፋ ብሎ የተደባለቀ። ለሚዛወር ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። የእህቴ ልጅ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ታሪክ ብላ የወሰደችው፣ ውጤቷ ሲ እና ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይያዝላታል። ትወናው፣ ድምፁና ዳንሱ ግን እንደ ደረጃ ነው የተሠራው፣ የመጀመሪያው ሳይረገጥ ሁለተኛው ላይ አይወጣም። ስለዚህ ብዙ የቢኤፍኤ ፕሮግራሞች ተዛዋሪውን ስቱዲዮ ውስጥ ከአንደኛ ዓመት ያስጀምሩታል። 60 ክሬዲት ይዛ ሄዳ እንደገና አራት ዓመት ልትማር ትችላለች ማለት ነው። ቢኤውን ከመረጠች ቶሎ የመጨረስ ዕድሏ ይሰፋል። ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ገንዘቡን ማስላት አለበት፤ ለተዛዋሪ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ከአዲስ ገቢው ብዙ ጊዜ ያንሳል። ከማመልከቷ በፊት ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፋ ትላክ፦ ስቱዲዮ ውስጥ ከስንተኛ ዓመት ነው የምጀምረው? መልሱን በጽሑፍ ትያዝ። በስልክ የተባለ ነገር በኋላ አልተባለም ይሆናል።

መግቢያውም ሁለት በር አለው። ዩኒቨርሲቲው በውጤት፣ ዲፓርትመንቱ በኦዲሽን (ዘፍኖ፣ ተውኖ፣ ደንሶ በማሳየት ፈተና)። አንዱ ተቀብሎ ሌላው ሊጥል ይችላል። በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ብዙዎቹ በቪዲዮ ያጣራሉ፣ ያለፈው ጥርና የካቲት ላይ በአካል ይፈተናል፤ ኒውዮርክና ቺካጎ ላይ ብዙ ትምህርት ቤቶች አንድ ቦታ ተሰብስበው የሚፈትኑበት ሳምንትም አለ። የሚጠየቀው ስሜታቸው የተለያየ ሁለት ዘፈን፣ አንድ ወይ ሁለት ሞኖሎግ (ብቻን የሚተወን ንግግር)፣ ከዚያ ዳንስ ነው። ዘፈኑ ደግሞ ሙሉውን አይደለም፣ 16 ወይም 32 ባር (ኖታው የሚከፋፈልበት ቤት) ነው። 16 ባር መካከለኛ ፍጥነት ባለው ዘፈን ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይሆናል። እና ለግማሽ ደቂቃ ነው ይሄ ሁሉ? አዎ። ስለዚህ ድምፅሽ የሚያበራበትን ቦታ ቁረጪ፣ የምትወጂውን ስንኝ አይደለም። እኔ በወጣትነቴ የምወደውን መርጬ ነው የወደቅሁት፣ ዝርዝሩ ይቅር።

የኢኮኖሚክሱ ልጅ መንገድ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው፣ ቲያትሩ ደግሞ ለብቻው የቲያትር ጥበባት ትምህርት ቤት ነው። አንዱን ዋና አድርጎ ሌላውን በጎን መልቀም የተማሪው ፋንታ ነው። ድሮ ይሄ አጥር አልነበረም። ዮፍታሔ ንጉሤ ከጎጃም ቅኔ ቤት ወጥቶ ቲያትር ሲጽፍ ዘፈን አብሮት ነበር የሚመጣው፤ በ1927 የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቲያትር ቤትም ዘፈን፣ ውዝዋዜና ቲያትር በአንድ መድረክ ሲያሳይ ነው የኖረው። ስለዚህ የያሬድ ተማሪ ሆናችሁ ቲያትር ቤት ልምምድ ብታዩ፣ የቲያትር ተማሪ ሆናችሁ ኖታ የሚያስነብባችሁ ሰው ብትፈልጉ፣ አዲስ ነገር አላመጣችሁም።

ወረቀቱን ግን አደራ። ዊዝድሮው (የማቋረጫ ፎርም) ሳትሞሉ እንዳትወጡ። ክሊራንስ (ዕዳ የለብህም የሚለውን ወረቀት) ጨርሱ፣ የውጤታችሁን የስቱደንት ኮፒ ያዙ፣ ኮስት ሼሪንጋችሁ (የትምህርት ወጪ ዕዳችሁ) ስንት እንደደረሰ ጠይቁ፣ ምክንያቱም እሱ ሳይዘጋ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (ሕጋዊ የውጤት ማስረጃ) ማውጣት ፈተና ነው። በሥርዓት ያቋረጠ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር መመለሻ በር አለው። ጠፍቶ የሄደ ሰው ያለው የእኔ ዓይነት ታሪክ ነው። ደግሞ አዲሱ ቦታ ሳይቀበላችሁ አሮጌውን አትልቀቁ። ይሄን ለመናገር ሽማግሌ መሆን አያስፈልግም፣ ግን በየዓመቱ እያለቀሰ የሚመጣ አንድ ልጅ አላጣም።

አሁን እስከምትዛወሩ ድረስ ባላችሁበት ሆናችሁ ምን ትሠራላችሁ? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ልጆች መዛወሩን እየጠበቁ ጉሮሯቸውን ያስተኙታል። ጆሯችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ላይ ነው ያደገው፣ በአምስት ድምፅ። የሙዚቃዊ ቲያትር ዘፈን ግን በመካከል ያሉትን ግማሽ ድምፆች ሁሉ ይረግጣል፣ የእኛ ልጅ የሚንሸራተተው እዚያ ላይ ነው። አትደንግጡ፣ አንቺሆዬ ውስጥ ግማሽ ድምፅ አለ፣ ከእሱ ጀምሩ፤ ከዚያ ኪቦርድ ያለው ጓደኛ ፈልጋችሁ አስራ ሁለቱንም ድምፆች አንድ በአንድ ዝፈኑ። ኖታ ማንበብ ተማሩ። ለትንፋሽ ጎንደር የሰጠችን ዳገት አለ፤ ወደ ቁስቋም እየወጣችሁ አንድ ግጥም ሳታቋርጡ በሉ፣ ስትደርሱ የመጨረሻው ስንኝ እንደመጀመሪያው ከተሰማ ደህና ናችሁ። ሰው ያያችኋል። ይያችሁ፣ ነገ እንዲያያችሁ የምትፈልጉትን ሰው መፍራት ምንድን ነው?

አባት። ይሄን ሳልነካ ባልፍ ደስ ባለኝ። የኔው አባት "አዝማሪ ልትሆን ነው?" ብሎኝ ሦስት ዓመት አላናገረኝም። እዚህ ጎንደር፣ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ግጥም ከአፉ እየፈጠረ ያገሩን ሰው ሲያስቅና ሲያስለቅስ በኖረበት አገር፣ ቃሉ ስድብ መሆኑ ዛሬም ይገርመኛል። ግን አባቴ የፈራው ረሃቤን ነበር፣ ይሄ የገባኝ ልጅ ስወልድ ነው። እና ስትነግሯቸው ስለ ጥበብ ክብር አትስበኩላቸው። ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ስንት ብር እንደሚፈልግ፣ እስከዚያ በምን እንደምትኖሩ ንገሯቸው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ልጅ ይሄን ማስላት አያቅተውም መቼም።

ለእሱ ያልኩት ይሄንን ነው። ይሄን ሴሚስተር ጨርስ፣ ፎርሙን ሐምሌ ላይ እናየዋለን፣ እስከዚያ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ና። ትናንት መጣ። ከዶ ጀመርን። ሬ ላይ ዝቅ ይላል፣ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ሳትቀር ሰምታዋለች።