ሁለት ኪኒን ለረሳሽው

ሐሙስና ዓርብ፣ በፓኬቱ ሦስተኛ ሳምንት፣ ነጩን የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ሳትውጪ ቀርተሽ "ቅዳሜ ምን ላድርግ?" ላልሽው፦ የዓርቡን አሁኑኑ ዋጪ፣ የቅዳሜውን በተለመደው ሰዓትሽ። የሐሙሱን ጣይው። በአንድ ቀን ሁለት መዋጥ አይጎዳም፤ ትንሽ ሊያቅለሸልሽ ይችላል።

ለ7 ቀን ኮንዶም ተጠቀሚ። ነጮቹ ሲያልቁ 7ቱን ቡናማዎች ዝለይና በማግስቱ አዲስ ፓኬት ጀምሪ። ቡናማዎቹ አይረን እንጂ ሆርሞን የላቸውም፤ አሁን ብትውጫቸው ያለ ሆርሞን የምትቆዪበት ጊዜ ይረዝምና እንቁላል ሊለቀቅ ይችላል። የዚህ ወር አበባ ቢቀር አትደንግጪ።

አደራ፣ ለቲቢ ሪፋምፒሲን የምትወስጂ ከሆነ በሰዓቱ ብትውጪም ኪኒኑ ይዳከማል። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሌላ ዘዴ ይቀይሩልሽ፤ እስከዚያው ኮንዶም አይለይሽ።