አየር እየተነፈሰች አልዞር ያለች ትንሽ ሞተር

ከድሬዳዋ የጻፉልኝ አንባቢ 67 ዓመታቸው ነው። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ የሠሩት ባንክ ውስጥ ነው። ጡረታ ሲወጡ ያገለገለ የጠረጴዛ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ገዙ። ስድስት ወር ለፍተው ከነሐስ አንዲት ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ሠሩ፤ ሲሊንደሯ የሚወዛወዝ ዓይነት። "በእጄ ሳዞራት ምንም አትከብድም። ከኮምፕረሰር አየር ስሰጣት ግን ሽሽሽ ትላለች እንጂ አትነሣም። ግፊቱን እስከ 6 ባር ከፍ ባደርገው ጭራሽ ባሰባት። ፒስተኑን ሦስት ጊዜ ሠራሁት። እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ምናልባት ይሄ ሥራ በዚህ ዕድሜ የሚጀመር አይደለም" ይላሉ።

ጋሼ፣ እጅዎ ምንም አላጠፋም። የላኩልኝን ልኬት ወረቀት ላይ አስቀምጬ አየሁት። ጥፋቱ ፒስተኑ ላይ አይደለም፤ ቀዳዳዎቹ ላይ ነው። ሦስቱም ፒስተኖች ደህና የነበሩ ይመስለኛል።

ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን አሠራሯን በአጭሩ ልናገር። ሲሊንደሩ በአንድ ፒን ቋሚ ላሜራ ላይ ተንጠልጥሏል። ፒስተኑ የተያያዘበት ዲስክ፣ ክራንኩ፣ ሲዞር ፒስተኑ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ሲሊንደሩ ደግሞ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ሲሊንደሩ ጀርባ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። ላሜራው ላይ ሁለት አሉ፤ አንዱ ማስገቢያ፣ ሌላው ማስወጫ። ወደ አንዱ ሲያዘነብል አየር ይቀበላል፤ ወደ ሌላው ሲያዘነብል ያስወጣል። ሌላ ቫልቭ የለውም፤ መወዛወዙ ራሱ ቫልቭ ነው። ይሄ የልጆች መጫወቻ ብቻ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1858 ውኃ ላይ የወረደችው ግሬት ኢስተርን የተባለች የእንግሊዝ መርከብ የጎን መቅዘፊያ ጎማዎቿን የምታዞረው አራት ተወዛዋዥ ሲሊንደር ባለው ሞተር ነበር። የአንዱ ሲሊንደር የውስጥ ስፋት 1.88 ሜትር ገደማ ነው። ሰው ቆሞ ይገባበታል።

አሁን ወደ እርስዎ ልኬት። የክራንኩ ፒን ከመሃሉ 6 ሚሊ ይርቃል። ከክራንኩ መሃል እስከ ማንጠልጠያው ፒን 36 ሚሊ ነው። የሲሊንደሩ ቀዳዳ ከማንጠልጠያው 12 ሚሊ ከፍ ብሎ ተበስቷል። 12ን በ6 አባዝተው ለ36 ያካፍሉ፤ 2 ይመጣል። ስለዚህ ቀዳዳው ከመሃል መስመሩ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚሄደው 2 ሚሊ ብቻ ነው። የላሜራው ሁለት ቀዳዳዎች መሃል ለመሃል 4 ሚሊ መራራቅ አለባቸው ማለት ነው። እርስዎም 4 ሚሊ ነው ያራራቋቸው። እስከዚህ ልክ ነዎት።

ግን ሦስቱንም ቀዳዳዎች በ2.5 ሚሊ ፑንታ (መብሻ) በስተዋል። "ያለኝ ፑንታ እሱ ነበር" ብለዋል። ነገሩ ያለው እዚህች ላይ ነው። በላሜራው ሁለት ቀዳዳዎች መካከል የቀረው ግድግዳ 1.5 ሚሊ ነው። ፊት ለፊቱ የሚመጣው የሲሊንደሩ ቀዳዳ ደግሞ 2.5። ጠባቡ ግድግዳ ሰፊውን ቀዳዳ አይሸፍንም። ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሊመለስ ሲል ማስገቢያውም ማስወጫውም አንድ ላይ ክፍት ናቸው። አየሩ ፒስተኑን ሳይገፋ በአቋራጭ ውልቅ ይላል። በአንድ ዙር ውስጥ ከስድስት አንዱን ያህል ጊዜ እንዲህ ይፈሳል።

እውነቱን ለመናገር ይሄ ብቻውን ሞተሯን ያደክማታል እንጂ ላይገድላት ይችል ነበር። የገደላት 6 ባሩ ነው። ሲሊንደሩን ላሜራው ላይ አጣብቆ የያዘው አንዲት ትንሽ ሞላ (ስፕሪንግ) ብቻ ናት። አየሩ በሁለቱ ፊቶች መሃል ሰርጎ 2 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ቢያገኝ፣ በ6 ባር እስከ 12 ኪሎ በሚደርስ ጉልበት ሲሊንደሩን ከላሜራው ያላቅቀዋል። ሞላው ያንን አይችልም። ለዚህ ነው ግፊት ሲጨምሩ የባሰባት። እንዲህ ያለች ሞተር ደህና ከተሠራች ከ1 ባር በታች ትዞራለች።

እኔን ከማመንዎ በፊት ራስዎ ይፈትሹ። ኮምፕረሰሩን ይንቀሉት። ፒስተኑን ላይኛው ጫፍ አድርሰው ፍላይዊሉን (ከክራንኩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ጎማ) በጣት ይያዙ። በማስገቢያው ቱቦ በአፍዎ እፍ ይበሉ፤ ሌላ ጣትዎን በምራቅ አርጥበው ማስወጫው ፊት ያድርጉ። ቀዝቃዛ ንፋስ ከተሰማዎት ነገሬ ልክ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ምንም ማለፍ የለበትም።

መፍትሔው ቀዳዳዎቹን 1.8 ማድረግ ነው። ያኔ ግድግዳው 2.2 ይሆናል፣ ቀዳዳው 1.8፤ በየጎኑ 0.2 ሚሊ ይተርፋል። ይበቃል። የ1.8 ፑንታ ከብረታ ብረት ሱቅ ካጡ ወርቅ ሠሪዎችን ይጠይቁ።

ላሜራውን አዲስ ይሥሩ። መጠገን ይቻላል፣ ግን አዲስ መሥራቱ ይቀላል፤ ልምምድም ነው። ሲሊንደሩን ግን አይጣሉት፣ ብዙ የለፉበት ነው። ቀዳዳውን በ3 ሚሊ ያስፉና በልኩ የነሐስ ፒን አስገብተው በሎክታይት (የብረት ማጣበቂያ) ይድፈኑት። ፒኑ ፒስተኑ የሚሄድበት ውስጥ ጫፉን ብቅ እንዳያደርግ። አንድ ቀን ሙሉ ይተዉት። ከዚያ በ1.8 ይብሱት። ፑንታው ወደ ውስጥ ሲወጣ ጥሎ የሚሄደው ሹል ጠርዝ አለ፤ ፒስተኑን የሚቧጭረው እሱ ነው። በክብ እንጨት ላይ 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልለው ቀስ ብለው ያንሱት።

የላሜራውን ሁለት ቀዳዳዎች በኮምፓስና በመርፌ ምልክት አድርገው እንዳይበሱ። እዚህ ላይ ነው የሚንቀጠቀጥ እጅ የሚያሳስበው፤ እኔም ዓይኔ እንደ ድሮ አይደለምና በዚያ መንገድ አልሠራም። እጅ የማይፈልግ ዘዴ አለ። 6 ሚሊ ውፍረት ያለው ጠባብ ብረት ይውሰዱ። በአንድ መስመር ላይ ሦስት ቀዳዳ ይብሱበት፦ መሃል ላይ የማንጠልጠያው ፒን የሚገባበት፣ ከእሱ 12 ሚሊ ወደ ላይ 1.8፣ 35.5 ሚሊ ወደ ታች ደግሞ የክራንኩ ፒን የሚገባበት። ብረቱን በሁለቱ ፒኖች ላይ ያስገቡት። የክራንኩ ዲስክ ከላሜራው ከፍ ስለሚል ማንጠልጠያው ስር በዚያው ልክ ዋሸር ያድርጉ። ብረቱ የሚገባው ክራንኩ ሁለት ቦታ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ባዘነበለበት። ግራ አድርገው በ1.8ቱ ቀዳዳ በኩል ላሜራውን ይብሱ። ክራንኩን ወደ ቀኝ አዙረው ሁለተኛውን ይብሱ። በቃ። የ35.5ቱ ልኬት በሩብ ሚሊ ቢሳሳት እንኳ ቀዳዳው ቦታውን አይለቅም፤ ሲሊንደሩ ያዘነበለው እስከ መጨረሻው ስለሆነ እዚያ ላይ የፒኑ ትንሽ ልዩነት ማዘንበሉን እምብዛም አይለውጠውም። ይሄን ዘዴ ያሳየኝ ሰው ያጠረ የመጋዝ ምላጭ ይዞ እንኳ ሥራ የማያበላሽ ነበር። ዛሬም ስጠቀምበት ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ ሁለቱ ፊቶች። ወፍራም መስታወት ላይ 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይዘርጉ፤ የሲንጀር ዘይት ጠብ ያድርጉበት። የሲሊንደሩን ፊት በማርከር ቀለም ይቀቡና በስምንት ቁጥር ቅርጽ ይሹት። ቀለሙ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። ሁሉም እስኪጠፋ ይቀጥሉ፤ በ1000 ይጨርሱ። ላሜራውንም እንዲሁ። የቫልቭ መፍጫ ፓስታ (ሻካራ ፍርፋሪ ያለበት ቅባት) እንዳይጠቀሙ፤ ፍርፋሪው ነሐሱ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀርና ሞተሯን ሁልጊዜ ይበላታል። ፊቱ ተስተካክሎም ማርከሩ በአንድ ጎን ብቻ የሚነካ ከሆነ የማንጠልጠያው ፒን ዘሟል ማለት ነው። እሱን በሞላ ማጥበቅ አያድነውም፤ ቀዳዳው በትራፓኖ (በቋሚ መብሻ ማሽን) ቀጥ ብሎ እንደገና መበሳት አለበት።

ስለ ዕድሜው ጉዳይ። በ25 ዓመቱ ቶርኖ የያዘ ልጅ ስንት ሥራ ሲያበላሽ አይቻለሁ፤ ስለሚቸኩል ነው። እርስዎ ፒስተኑን ሦስት ጊዜ ደግመው ሠርተዋል። ይሄ ትዕግሥት እኔ ጋ ሊማሩ ከሚመጡት ልጆች የምለምነው ነገር ነው። ለዓይንዎ ጥሩ መብራትና በእግር የሚቆም አጉሊ መነጽር ይግዙ፣ ከአዲስ መቁረጫ ይቅደም። ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሥሩ። ጋቢ ወይም ነጠላ ለብሰው ቶርኖው አጠገብ አይድረሱ፤ ጓንትም አያጥልቁ። የቻኩን (የቶርኖው መንጋጋ) ቁልፍ ከእጅዎ ሲያወጡ ጠረጴዛው ላይ እንጂ ቻኩ ላይ አይተዉት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሁሉ በፊት ማብሪያውን ያጥፉ። አንዳንድ አሮጌ ቶርኖ መብራት ሲመጣ ብቻውን ይነሣል፤ እርስዎ በዚያ ሰዓት ጎንበስ ብለው እያዩት ሊሆን ይችላል። አንድ የማውቀው ሰው ጣቱን ያጣው እንዲህ ነው።

እንፋሎት እንደሚያምርዎት አውቃለሁ። የምድር ባቡር ልጅ ነዎት፣ ከተማዎም ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ደርሶ የበቀለች ናት። ግን ቦይለር አሁን አይሥሩ። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ መጥፎ ብየዳ ያለበት ቦይለር ሳሎን ውስጥ ቦምብ ነው። አንድ ዓመት በአየር ይሥሩ። እዚያው ድሬዳዋ ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረታ የወጡ የቶርኖ ሰዎች ካሉ ፈልገው ቡና ይጋብዟቸውና ሞተሯን ያሳዩአቸው። ስለ ቦይለር ያኔ እናወራለን።

አሁን ለሙከራው። ኮምፕረሰሩ ላይ ሬጉሌተር (የግፊት መቆጣጠሪያ) ይግጠሙ። ግማሽ ባር ላይ ያድርጉት፤ መነጽርዎን ያጥልቁ። ፒስተኑም ሁለቱ ፊቶችም ላይ ጠብታ ዘይት። ሞላውን ሲሊንደሩ እንዳይንገዳገድ ያህል ብቻ ያጥብቁት፤ በእጅ ሲወዘውዙት መክበድ የለበትም። ፍላይዊሉን በጣትዎ ይግፉት፣ የመጀመሪያዋን ዙር አብረዋት ይሂዱ። ወደ ኋላ ከዞረች አይደንግጡ፤ ቱቦውን ከዚህኛው ቀዳዳ ነቅለው ሌላኛው ላይ ይሰኩት።