ሀ ሁን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፣ «ዳቦ»ን ማንበብ ግን አቃተው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል። ሀ ሁን እስከ መጨረሻው በቃሉ ይወርደዋል። እንግዳ ሲመጣ «በል አሳያቸው» ስለው ሳይተነፍስ ይጨርሰዋል። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ልንገዛ ቆመን በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ «እስቲ አንብበው» ብለው ዝም አለ። ትምህርት ቤቱን ስጠይቅ «ይለመዳል፣ አታስቢ» አሉኝ። ማታ ከሥራ ስገባ ይደክመኛል። ሳስጠናው እጮህበታለሁ፣ እሱም ያለቅሳል። እናቴ አብራን ትኖራለች፤ እሷ ግን ፊደል አልቆጠረችም። ልጄ ሰነፍ ነው ወይስ ጥፋቱ የኔ ነው?
እናት ነኝ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ ሰነፍ አይደለም። አንቺም አላጠፋሽም። ልጅሽ የያዘው ዜማውን ነው፤ ፊደሉን ገና አልያዘም።

ዛሬ ማታ ወረቀት ላይ «ሚ»ን ብቻዋን ጻፊና አሳዪው። ከንፈሩን ልብ ብለሽ ተመልከቺ። በለሆሳስ «መ፣ ሙ፣ ሚ» እያለ ከመነሻው ጀምሮ ከደረሰባት ችግሩን አገኘሽው ማለት ነው። አንዳንዱ ልጅ በጣቱም ይቆጥራል። አንድ ቃል ለማንበብ ሦስት መሥመር ማዜም ካለበት፣ የቃሉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል።

አንደኛ ክፍልን 27 ዓመት አስተምሬያለሁ። በጀመርኩበት ዓመት አንድ ተማሪዬን ጎበዝ አንባቢ እያልኩ ከመስከረም እስከ ግንቦት ሳስጨበጭብለት ከረምኩ። አንድ ቀን እያነበበ ጠጋ ብዬ ሳየው የተገለጠው ሌላ ገጽ ነው። ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ ሌላ ምንባብ በቃሉ ይለኛል። ያ ልጅ ያለፈበት ዓመት ዛሬም ሲታወሰኝ ያመኛል።

ደግሞ ይህ ያንቺ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የሁለተኛ ክፍል ልጆች ንባብ ሲፈተሽ፣ 34 ከመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር።

የድሮ የኔታዎች መድኃኒቱን ያውቁት ነበር። ተማሪው ሀ ሁን ሲዘልቅ አቡጊዳ ያስጀምሩታል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ፊደሎቹ ያው ናቸው፤ ተራቸው ግን ተበውዟል። እዚህ ላይ የሀ ሁ ዜማ አያድንም። ልጁ በዓይኑ ማየት ግድ ይሆንበታል።

አንቺም ቤትሽ ውስጥ በውዢው። ከሰፈር ግሮሰሪ 10 ቆርኪ ለምኚ። ውስጡ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፈሽ በማርከር እነዚህን ጻፊ፦ ቡ፣ ና፣ ዳ፣ ቦ፣ ዶ፣ ሮ፣ ሎ፣ ሚ፣ ሻ፣ ማ። ጣሳ ውስጥ አድርገሽ አንቀጫቅጪና አንድ አንድ እያወጣ ይጥራ። ማዜም ከጀመረ አትቆጪው። ስሟን ንገሪውና ቆርኪዋን ወደ ጣሳው መልሺ፤ ዞራ ትመጣለች። አሥሩን ሲለይ ሁለት ሁለቱን ግጠሙ። ቡና፣ ዳቦ፣ ዶሮ፣ ሎሚ፣ ሻማ ይወጡላችኋል። ቡና ብሎ ካነበበ በኋላ እናትሽ የምታፈላውን ቡና ቀና ብሎ ያያል። ያን ፊቱን እንዳታልፊው።

እነዚህን ቃላት የመረጥኩት በምክንያት ነው። ሳድስ፣ ማለትም እንደ «ብ» ያለው የየፊደሉ ስድስተኛ፣ የለባቸውም። ልጅ የሚወላገድብን ሳድስ ላይ ነው። «ልብስ»ን ውሰጂ፤ ሦስቱም ሳድስ ናቸው። ለየብቻ ሲጠሩ እያንዳንዳቸው ድምፅ አላቸው፤ ቃሉ ውስጥ ሲገቡ ግን «ብ» እና «ስ» ይዋጣሉ። «ል፣ ብ፣ ስ» እያለ ቢቆራርጠው ፊደሉን አልሳተም። መጀመሪያ እየጎተትሽ፣ ቀጥሎ እያፈጠንሽ አብረሽው በይው። ማጥበቅና ማላላትም እንዲሁ ነው፤ ጽሑፋችን አያሳየውም። «ገና ልጅ ነው» እና «የገና በዓል» ላይ ያለችው «ገና» አጻጻፏ አንድ ነው። አላልቶ ማንበብ ሲገባው ካጠበቀ «ምን ማለት ይመስልሃል?» በይው፤ ራሱ ያስተካክላል።

እናትሽን ከዚህ ሥራ አታውጫት። ማታ «ተረት ተረት» ትበል፣ እሱ «የላም በረት» ይበል። ከተረቷ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ እሷ ባለችበት አፍ፣ በትልልቁ ጻፊ። በማግስቱ ያንብብላት። ስቶ ካነበበ «ኧረ እኔ እንዲህ አላልኩም» ትለዋለች። ፊደል ሳትቆጥር ታርመዋለች።

10 ደቂቃ ይበቃል፣ ግን በየቀኑ። ደክሞሽ መታገሥ ካቃተሽ የዚያን ዕለት ይቅር፤ ከእንባ ጋር የተቀመጠ ልጅ ምንም አይገባውም። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስትወርዱ ታፔላ ያንብብ፤ በቀን ሁለት ቃል ብቻ። ትምህርት ቤት ደግሞ ቢሮ ገብተሽ አትመለሺ፤ መምህርቱን ራሷን አግኚያት። ስንት ልጅ እንደያዘች አስቢና በትሕትና «ፊት አስቀምጪልኝ፣ ብቻውን የምታስነብቢው መቼ ነው?» በያት። ሰሌዳ ሲያይ ዓይኑን የሚያጠብ ከሆነ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ልጄ «ፀሐይ»ን «ጸሃይ» ብላ ጻፈች። ስህተት ነው ልበላት?
አባት፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ በቀይ አይሰርዙባት። ሀ፣ ሐ እና ኀ በግዕዝ ድምፃቸው የተለያየ ነበር። ዛሬ በአማርኛ አንድ ሆነዋል፤ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ልጅዎ ድምፁን በትክክል ሰምታለች፤ ለጊዜው ትልቁ ነገር እሱ ነው። የተለመደውን አጻጻፍ ከጎኑ ይጻፉላት፣ እያነበበች ስትሄድ ዓይኗ ይለምደዋል። በቤተሰቡ ስም ውስጥ ከእነዚህ አንዱ ካለ ከዚያ ይጀምሩ። ኃይሉ የሚባል ተማሪ ነበረኝ፤ ሌላውን ሁሉ ሲያምታታ «ኃ»ን አንድም ቀን አልሳታትም።