ሀኪም ሆኜ ቁንዝላ ልመለስ ብል የቱ ግቢ ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር እንደምን አሉ። ጣና ዳር ያለችው የቁንዝላ ልጅ ነኝ፣ 12ኛ ጨርሼ ውጤቴ ጥሩ መጥቶልኛል፣ አሁን የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ልሞላ ነው። ሜዲስን ነው የምፈልገው፣ ግን ተመርቄ ገጠር መስራት ነው ሀሳቤ፤ እኛ ጋ ምጥ የጠናባት እናት ባህር ዳር እስክትደርስ ስንት ነገር እንደሚሆን አይቻለሁ። አባቴ ደግሞ አዲስ አበባ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ለገጠር ሀኪም የሚያዘጋጅ ግቢ አለ? ስሞላ ይሄን ሀሳቤን የምፅፍበት ቦታስ አለ? ወይስ ጤና መኮንን ይሻለኛል?

መልስ፦ የምትፅፊበት ቦታ የለም እህቴ። እኛ ሀገር ለህክምና ድርሰት ፅፎ ኢንተርቪው ገብቶ አይደለም፣ ትምህርት ሚኒስቴር በውጤትሽና በምርጫ ቅደም ተከተልሽ ግቢ ይመድብሻል፣ እዛ ፍሬሽማን (የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት) ትማሪያለሽ፣ ከዛ የ12ኛ ውጤትሽና የፍሬሽማን ነጥብሽ ተደምሮ ሜዲስን ትወዳደሪያለሽ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል፣ አባትሽ ከፀኑ እሱን ለብቻው መከታተል አለብሽ። እና ሀሳብሽን የምትገልጪው ከላይ ወደ ታች በደረደርሽው ስም ብቻ ነው ማለት ነው። ሜዲስን የሌለው ግቢ ለቤት ይቀርበኛል ብለሽ ከላይ እንዳታስቀምጪ፣ በየዓመቱ እንዲህ አድርጎ የሚያለቅስ ልጅ አይጠፋም።

ወደ ግቢው ስንመጣ "እኛ የገጠር ሀኪም ነው የምናወጣው" የሚል ታፔላ የሰቀለ የለም፣ ግን ታሪካቸው ይለያያል። ጎንደርን እይው፣ የተጀመረው በ1947 ዓ.ም. የህዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው፣ ከዛ በፊት ባሉት ዓመታት ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሰው ጨርሶ ነበርና ጤና መኮንን፣ የማህበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንፅህና ባለሙያ) አብሮ አሰልጥኖ ወደ ወረዳ ለመላክ የታሰበ ነው፣ ሜዲስን የመጣው ኋላ ነው። ያ ልማድ እስካሁን ቲም ትሬኒንግ በሚባለው ነገር አለ፤ የሜዲስን፣ የጤና መኮንን፣ የነርሲንግ፣ የሚድዋይፈሪና የላብራቶሪ ተማሪዎች አንድ ላይ ሆነው ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ። ጅማም ማህበረሰብ ውስጥ እየሰሩ መማርን ዋና መታወቂያው ያደረገ ግቢ ነው፣ ራቅ ይላል እንጂ ለአንቺ ሀሳብ የሚሆን ነው። ባህር ዳር ጥበበ ግዮንና ፈለገ ሕይወት አሉ፣ ትልቅ ጥቅሙ ከጣና ዙሪያ፣ ከጎጃሙም ከጎንደሩም የሚመጣውን በሽተኛ እዛው ማየትሽ ነው፣ ማለትም ነገ ቁንዝላ የሚጠብቅሽን ሰው። ደብረ ታቦር፣ ደብረ ማርቆስም ሜዲስን አላቸው።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን በስም አትምረጪ። ሲ-2 (ሆስፒታል ልምምድ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ) ወይም ኢንተርን (ሊመረቅ የመጨረሻውን ልምምድ የሚሰራ) የሆነ ልጅ ፈልገሽ (ሬጅስትራር ቢሮውን ሳይሆን ተማሪውን) ስንት ሳምንት ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ትወጣላችሁ፣ እዛ ማን ነው የሚያያችሁ፣ ኢንተርን በእጁ ስንት ያዋልዳል ወይስ ሬዚደንቱ (ስፔሻሊቲ የሚማረው ሀኪም) ጀርባ ቆሞ ነው የሚያየው ብለሽ ጠይቂ። አሁን ባለው የመንገድ ሁኔታ ፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ኖሮ ተማሪው ከተማ የሚቀርበት ጊዜም አለና ዘንድሮ ወጣችሁ ወይ ብለሽ ለይተሽ ጠይቂ።

ለምን እንዲህ እጨቀጭቅሻለሁ መሰለሽ፣ ሪፈራል ሆስፒታል ብቻ የተማረ ልጅ በሽተኛን የሚያውቀው ከመጨረሻው ነው። ማታ አንዲት ነፍሰ ጡር እያንቀጠቀጣት ትመጣለች፣ ዘመድ ከጉያው ሪፈር ወረቀት ያወጣል፣ ወረቀቱ ላይ "ኤክላምፕሲያ፣ ለተሻለ ህክምና" ይላል (በእርግዝና ደም ግፊት ጨምሮ የሚመጣ ማንቀጥቀጥ ማለት ነው)፣ በቃ። ግፊቷ ስንት ነበር፣ ማንቀጥቀጡን የሚያቆመው ማግኒዢየም ሰልፌት ተሰጥቷት ነው የመጣችው ወይስ ሳይሰጣት፣ ከተሰጣትስ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምንም የለም። ዋርድ ያለው ሀኪም ወይ ከዜሮ ይጀምራል ወይ ደርቤ እሰጣት ይሆን ብሎ ይሰጋል፣ መድሃኒቱ ሲበዛ ትንፋሽ ያቆማላ። ያንን የመጀመሪያ ዶዝ ጤና ጣቢያ ላይ ሰጥቶ፣ ሰዓቱን ፅፎ፣ ተቀባዩ ጋ ደውሎ መላክ የገጠር ህክምና ግማሹ ነው፣ ይሄ ደግሞ ሌክቸር አዳራሽ ቁጭ ብሎ አይለመድም። ሆድ በእጅ ዳብሶ የልጁን አቀማመጥ ማወቅ፣ በፌቶስኮፕ ጆሮ ደቅኖ ልብ ምት መቁጠርም እንደዛው፤ አልትራሳውንድ ባለበት ያደገ ኢንተርን ይሄን ከአንድ የጤና ጣቢያ አዋላጅ ነው የሚማረው።

ጤና መኮንን ወይ ላልሽው፣ ማነስ አይደለም። ከሜዲስን ያጥራል፣ ቶሎ ስራ ትገቢያለሽ፣ ከዛ የድንገተኛ ቀዶ ህክምናና የማዋለድ ማስተርስ የሚባል አለ (አሁን ተማሪ ይቀበል እንደሆነ ግን አጣሪ)፣ እሱን የጨረሰ ሰው ሲ-ሰክሽን (በቀዶ ህክምና ማዋለድ) ይሰራል፣ ብዙ ወረዳ ሆስፒታል በሌሊት የሚቆመው በነሱ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እኮ ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው፣ እዛ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ህልምሽ ማዋለድና ቀዶ ህክምና ብቻ ከሆነ ይሄ አጭሩ መንገድ ነው፤ ህፃኑንም ሽማግሌውንም ስኳሩንም ካላዛሩንም ላክም ካልሽ ሜዲስን ግቢ፣ ከዛ የቤተሰብ ህክምና የሚባል ስፔሻሊቲ አለ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ነው የጀመረው፣ አባትሽን የምታስታርቂው ምናልባት በዚህ ነው፣ አዲስ አበባን ለስፔሻሊቲ አቆይላቸው።

ደረጃ ከሰጠሽኝ ለአንቺ ጎንደር አንደኛ፣ ባህር ዳር ሁለተኛ፣ ጅማ ሦስተኛ። ቤተሰብ ቅርብ ይሁን ካልሽ አንደኛና ሁለተኛውን ብትቀያይሪ አልጣላሽም።

ፍሬሽማን ላይ ደግሞ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ብቻ እንዳታጠኚ። ሎጂክ፣ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ እያሉ ይመጡልሻል፣ "ይሄ ለሀኪም ምን ያደርጋል" ብሎ የዘለላቸው ጎበዝ ልጅ ነጥቡ ወርዶ ሜዲስን ያመለጠው ስንቱ ነው፣ ሲደመር ሁሉም ይቆጠራል።